የመጨረሻው ሰው ሻይ

ዊኒፍሬድ ከሆስፒታል በተመለሰች ማግስት የባሏን አዲስ ልቦለድ የመጨረሻ ገጽ በጽሕፈት መኪና ትመታ ነበር።

«ባለፈው ለንደንን በጎርፍ ጨረስካት። አሁን ደግሞ በምን ልትገላት ነው?»

«በበረዶ» አለ ባሏ ሲሪል፣ ከመስኮቱ ሳይዞር።

«ምስኪን ከተማ። ምን በደለችህ?»

እየሳቀች መታች። በገጹ ላይ ፀሐይ ቀልታ፣ አብጣ፣ ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። ባሕሩ ድንጋይ ሆኗል። በምድር ላይ የቀረው አንድ ሰው በረዶ አቅልጦ ሻይ አፈላና በሁለት ኩባያ ቀዳ። ከሁለተኛው ኩባያ የተነሳው እንፋሎት፣ የሚጠጣው ሳይኖር፣ ቀጥ ብሎ ወደ ከዋክብት ወጣ።

ጣቶቿ ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ዘመን፣ ከዚያ ሁሉ ጨለማ ማዶ ያለው እንፋሎት ፊቷን የነካት መሰላት። ትናንት ሳይጠብቃት ቤት ስትገባ፣ የራሷ ኩባያ ሳይጠጣ የቀዘቀዘ፣ እሷ የምትወደው የወተት ሻይ ሞልቶበት አግኝታ «ማን ነው በኩባያዬ ቀድቶ የተወው?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ሲሪል ወተት አይወድም። ጆሮው ብቻ ቀልቶ ነበር።

«ወተቱን ረስተኸዋል» አለችው አሁን።

«ላም ከየት አምጥቶ? ሁሉም አልቋል እኮ።»

«ወተትም ጨመረበት» ብላ መታች። ከጽሑፉ አንዲት ነጥብ እንኳ አስነክቶ የማያውቀው ሲሪል መጥቶ አጠገቧ ቆመና አነበበው። ጆሮው እንደገና ቀላ፤ አልሰረዘውም።