በጓሮ በኩል

ሠዓሊዋ ሸዋአለም ከጭቃ የሠራቻቸውን ጣት የሚያህሉ ሰዎች፣ የአርክቴክቸር ተማሪው በባህል ማዕከሉ የካርቶን ሞዴል ላይ ደርድሯቸዋል። ጭቃው ሙዲር፣ የማዕከሉ ዳይሬክተር፣ በዋናው በር ደረጃ ላይ ቆመዋል፤ ዊልቸር ላይ የተቀመጠችው የጭቃ ሴት ግን ከኋላ፣ ከኩሽናው በር አጠገብ ናት።

«ኡስታዛ፣ ደረጃ የሌለው መግቢያ ያውልሽ!» አላት ተማሪው በአክብሮትም በኩራትም።

ሸዋአለም ያንን በር ታውቀዋለች፤ እናቷ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ስትሠራ ዘመኗን ሙሉ የገባችው በእንዲህ ያለው ነበር። የራሷን ዊልቸር ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችና ሙዲሩን አንስታ ኩሽናው በር ላይ ገተረቻቸው። ሴትየዋን ዋናው በር ፊት አስቀመጠቻት።

«እንዴ! ሙዲሩ በጓሮ ይግቡ?» አለ ልጁ ደንግጦ።

«እኔ በዚያ ስገባ ምነው አልደነገጥክ?»

ተማሪው መቁረጫውን አነሳና የፊት ለፊቱን ደረጃ ከሥሩ ይገዘግዘው ጀመር።

«ያላ፣ በል፣» አለች ሸዋአለም፣ «መግቢያውን ሰፋ አድርገው።»