የጋሽ ባየ ቤዝ

ባየ ሙዚቃ አይወድም። የጎረቤት ሠርግ ላይ የስፒከር ገመድ ነቅሎ የሄደ ሰው ነው፤ ሙሽራዋ ገና ኬኩን እንኳ አልቆረሰችም ነበር። ስለዚህ ያን ጠዋት አሮጌዋን ኮሮላውን አማን ከተማ፣ ሲሞን ሱቅ ደጅ አቁሞ «ቤዝ ጨምርልኝ» ሲል፣ ሲሞን የሰማውን አላመነም።

ሲሞን የመኪና ቴፕና ስፒከር ይገጥማል። የሱቁን መዝጊያ በግማሽ አውርዶ ሊሄድ ሲል ነው ባየ የደረሰበት።

«ዛሬ፣ ጋሽ ባየ?»

«ዛሬ። አሁን።»

«ያለው ቴፕ አይበቃዎትም?»

«አይበቃም። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሲናገር እንዳልሰማው፣ እኔም ብናገር እንዳይሰማኝ አድርገህ ግጠምልኝ። የውጭ ሰው ድምፅም እንዳይገባ።»

«ማንን ሊያሳፍሩበት ነው?»

«ለተብርሃንን። ከቴፒ ላመጣት ነው። ጥያቄ ታበዛለች።»

የሲሞን እጅ መፍቻው ላይ ቀረ።

ለተብርሃን የባየ ሟች ወንድም ሚስት ናት። በቡና መሬት ከተካሰሱ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ባለፈው ሽማግሌ ፊት ባየ ጣቱን ቀስሮ «ካላስለቀስኩሽ ባየ አይደለሁም!» ብሏታል። አማን ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ያልሰማ ቢኖርም ለተብርሃን ራሷ ነግራዋለች።

ሲሞን የሱቁን መዝጊያ መልሶ ከፈተው። ከመደርደሪያው ትልቁን ስፒከር ከነሳጥኑ አወረደ። ያዘዘው ሰው ስም ሳጥኑ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፤ በእጅጌው ጠረገው። ከኋላ ወንበር ላይ አስሮ፣ አምፕሊፋየሩን ከባትሪው ጋር በወፍራም ገመድ አገናኘው። ሲከፍተው ታርጋው ተንቀጠቀጠ።

«ይበቃል?»

«ጨምር።»

ጨመረ። ባየ ሊከፍለው ሲል እጁን መለሰበት፤ ቀና ብሎም አላየውም።

ለተብርሃን ቴፒ፣ እህቷ ማሚት ዘንድ ነበረች። ቡና ለቀማ ላግዝ ብላ ሄዳ ለቃሚዎቹን ስትቆጣ ሰንብታለች። ባየን ደጅ ላይ ስታየው ወገቧን ያዘች።

«አንተን ደግሞ ምን አመጣህ?»

«ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ እትዬ ለተ። መሬቱን ለቅቄልሻለሁ። መጥታ በጆሮዋ ትስማ ብለዋል።»

እትዬ ብሎ ከጠራት ስንት ዘመኑ! ለተብርሃን ማሚትን ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«ዐይኑን አየሽው? ደም መስሏል። ጠጥቷል። እስከ ማታ ካልደወልኩልሽ፣ ይዟት የሄደው ባየ ነው ብለሽ ለፖሊስ ንገሪ።»

«ታዲያ አትሂጃ!»

«ፈራች ይበል? ያውም እሱን!»

ሹል ጫፍ ያለውን ጃንጥላዋን አንስታ መኪናው ውስጥ ገባች።

ከቴፒ ሳይወጡ ባየ «ስልክሽን እስቲ አውሺኝ፣ የኔ ባትሪ ዘግቷል» አላት። ሰጠችው። አልደወለበትም። አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

«አምጣ ስልኬን! ልጄ ይደውልልኛል!»

ባየ ቤዙን ከፈተው።

ወንበሩ ጀርባዋን ይደበድባት ጀመር። በዚያ ሙቀት መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። «አጥፋው! አታፍርም በዚህ ሽበት?» ብላ ጮኸች። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችው።

ዞር ስትል ሳጥኑን አየች። ጠመኔው በደንብ አልጠፋም፤ «ፍሬ» የሚለው ቀርቷል። አንድ ልጇ ፍሬአብ ለባጃጁ ትልቅ ስፒከር ማዘዙን ሲነግራት «የሰው ጆሮ ልታደነቁር ነው?» ብላ ሰድባው ነበር።

ባየ ጆሮ ሥር ተጠጋች። «የልጄን ዕቃ ከየት አመጣኸው? ልጄን ምን አደረግኸው?»

ባየ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ። ድምፁን እስከ ጥጉ ከፍ አደረገው።

ጫካው መሀል ጉም ወርዷል። እዚያ ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። ቤዙን ሳያጠፋ ወረደና በሩን ዘጋባት። ዛፎቹ መሀል ገብቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ አንድ ነገር እንደሚወስን ሰው ቆመ። ለተብርሃን የጃንጥላውን ጫፍ ወደ በሩ ቀሰረች። እሷና ፍሬአብ ከሌሉ መሬቱ የማን እንደሚሆን ታውቃለች። ከዚህ ጫካ ብትጮህ ደግሞ የሚሰማት ዝንጀሮ ብቻ ነው።

ሲመለስ ፊቱ ርሷል። ጉሙ ነው አለች በልቧ። ጃንጥላውን አየው፤ ምንም ሳይል መሪውን ያዘ። ወኔ ከዳው፣ አለች።

አማን ሲገቡ የባጃጅ ሹፌሮች መንገድ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ለተብርሃን መስታወቱን በቡጢ እየመታች «አስጥሉኝ! ሊገድለኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ሙዝ ሻጯ ሜሪ እጇን እያወናጨፈች ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ባየ ነዳጁን ረግጦ አለፋት።

ወደ ሽማግሌዎቹ መሰብሰቢያ አልታጠፈም። ወደ ራሷ ሰፈር ነዳው። ለተብርሃን ጃንጥላዋን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ መኪናው ሲቆም ልትወጋው ቆርጣለች።

ከደጇ በተተከለው አዲስ ድንኳን ፊት ባየ ቤዙን አጠፋና ከጠዋት ጀምሮ ያፈነውን ለቅሶ ለቀቀው፦ «ፍሬአብዬ፣ ተነስ! እናትህን አመጣኋት!»