የሐሙስ ገንፎ

ሐሙስ ሐሙስ በሰፈራችን ምድጃ አይለኮስም። ከሰል ከቀረ ቆይቷል፤ ያለችንን መብራት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለመድኃኒት ማጣሪያው እንሰጣለን። የልጄ የርብቃ መድኃኒት እሳት ካየ ይበላሻል። ስለዚህ አየሩ ተመጥጦ በወጣ በርሜል ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ይወርድና የሰው ገላ በሚያህል ሙቀት ብቻ ተንኖ ይጠራል።

ዛሬ ጎረቤቴ ይፍቱስራ ጋ አራስ ልጠይቅ ገባሁ። እናቷ እማማ ስንዱ ያቀረቡላት ገንፎ ትናንት የተገነፋ ነው፤ ቅቤው መሐሉ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቷል።

«ኧረ ይሄ ለአራስ አይሆንም! ሄጄ ማጣሪያውን ትንሽ ላስቆመው» አልኩ።

«ተቀመጪ!» ተቆጡ እማማ ስንዱ። «መሐል ላይ ተቋርጦ ቢበላሽ ርብቃ ምን ልትሆን ነው? ገንፎ ቀዘቀዘብኝ ብላ የሞተች አራስ አላየሁም።»

ይፍቱስራ ሳቀችና ማንኪያዋን አነሳች።

 ሳህኑን ከእጇ ወሰድኩና ጋቢዬ ውስጥ ሆዴ ላይ አቀፍኩት። መድኃኒት ያጠራ የገላ ሙቀት ለቅቤ አያንስም ብዬ ነው። ሕፃኑ ጠብቶ እስኪተኛ ድረስ አልተነሳሁም።

ስገልጠው ቅቤው ዳር ዳሩን ቀልጦ ነበር።

«በይ ብዪ» አልኳት።