ኮረንቲው ያዞረው ኮምፓስ

የኮረንቲ ገመዱ ባሕር ውስጥ ከገባ ወዲህ መንደራችን ስካርቪካ ላይ ደህና እንቅልፍ የተኛ ሰው የለም።

ውፍረቱ የሰው ጭን ያህላል። ከእኛ ዳርቻ ተነስቶ በባሕሩ ወለል ተጋድሞ ዴንማርክ ላይ ይወጣል። ትልቅ መርከብ እንደ ክር እየተረተረ ሲያወርደው ሁላችንም ከየደጃችን ቆመን አይተናል። መርከቡ እንደሄደ ሠራተኞች መጥተው የራስ ቅል የተሳለበት ቢጫ ሰሌዳ ተከሉ፤ «አደገኛ ኮረንቲ! መልሕቅ መጣል ክልክል ነው» ይላል።

ማጉረምረሙ የጀመረው ያኔ ነው። ከትራስ ሥር፣ ከምድጃ ጀርባ፣ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ። የጎረቤታችን የኦላውግ ውሻ በሰሌዳው በኩል አላልፍም ብሎ አራት እግሩን ይተክላል። ዓሣው ሸሸ። ልጅ የጨነገፈባትም ገመዱን ረገመች።

በዚያው ክረምት መጨረሻ ካፒቴን አስላክ በጉም ውስጥ ወደ ቤት ሲመለስ ጀልባውን «የአሮጊት ጥርስ» ከምንለው ዓለት ጋር አላተመ። እሱም፣ አብሮት የነበረው ወጣቱ ሩነም ሰመጡ። የሁለቱንም ሬሳ ባሕሩ አልመለሰም።

የአስላክ ሚስት ቶርጉንና የሩነ እናት ቦርግሂል አጥር ለአጥር ናቸው። ዱቄት ሲያልቅባቸው በአጥሩ ላይ ሲቀባበሉ ነው ያረጁት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቦርግሂል ሰላምታ ነሳቻት። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ተገጣጠሙ፤ እኛም ሚዛኑ ጋ ቆመናል።

«ሰካራም ባልሽ ልጄን በላብኝ!» አለች ቦርግሂል።

«አስላክ ባሕር ላይ ጠብታ አፉ አያስገባም። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ዓለቱ ነው ተነስቶ የመጣበት?»

ቶርጉን የያዘችውን ድንች ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ መጋረጃዋ አልተከፈተም። ባሏ እንዲመለስ አይደለም የምትጸልየው፤ ስሙ እንዲመለስ ነው። ቄሱ የሰመጡትን ስም ድንጋይ ላይ ሊያስቀርጽ ሲል ቦርግሂል፣ «ልጄን ከገዳዩ ጎን? በቁሜ አይሆንም!» አለች፤ ድንጋዩም ባዶውን ቀረ።

ነገሩን ያነሳው ሽማግሌው ስቬረ ነው። ወደቡ ላይ መረብ ሲጠግን፣ «ኮረንቲ ያለበት ገመድ የኮምፓስ መርፌ ያስታል። ስዊድኖች ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ወሬው ገና ሳይመሽ መንደሩን አዳረሰ። እንዴት እስከዛሬ አላሰብነውም! አስላክ ያን ውሃ እንደ መዳፉ ያውቀዋል። መርፌው ካልዋሸው ማን ይዋሸዋል?

የገመዱን ኢንጂነር፣ ሄግላንን፣ ጸሎት ቤት አስጠራነው። ሰውዬው ዳርቻው ላይ ባለው መስኮት አልባ ነጭ ቤት ነው የሚውለው። ሠራተኞቹ ዴንማርኮቹን ሊያግዙ ተሻግረዋል፤ ዴንማርክ ደግሞ መቼ በቀጠሮው ጨርሶ ያውቃል? የናፍጣ ሞተሩ ከቤቱ ጀርባ ሲያስል ስለሚውል ኢንጂነሩም ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ገባ።

ቶርጉን ተነሳች። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ገመድህ የኮምፓስ መርፌ ያዞራል ወይስ አያዞርም?»

ሄግላን አያት። ከዚያ በሩ አጠገብ ብቻዋን የተቀመጠችውን ቦርግሂልን አየ።

«ኮረንቲ ሲሄድበት…» አለና ቆመ።

«ጨርሰዋ!» ብሎ ጮኸበት ስቬረ።

«ያዞራል፣ እማማ። ኮረንቲ ሲሄድበት ያዞራል።»

«ጉም ውስጥ ጎበዝ ካፒቴን ያሳስታል?»

«ማንንም ያሳስታል።»

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «ነገርኳችሁ አይደል!» ይላል ስቬረ። ቦርግሂል በወንበሮቹ መሃል እየተደናቀፈች መጥታ የቶርጉንን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋች። «እህቴ፣ አፌ ይቆረጥ! ይቅር በይኝ!» ተላቀሱ። እኛም አለቀስን። ሄግላን ዋፍል ቂጣ ቢያቀርቡለት አልቀምስም ብሎ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ጥፋተኛ ምን ሆድ አለው፣ ተባባልን።

በማግስቱ ቦርግሂል በገዛ መጥረቢያዋ አጥሩን አፈረሰችው። በጋውን ሁለቱ በአንድ ምጣድ ዓሣ ሲጠብሱ ከረሙ። ድንጋዩም ተቀረጸ፤ «አስላክ» ከላይ፣ «ሩነ» ከሥሩ። ቶርጉን መጋረጃዋን ከፈተች። ማጉረምረሙ እንደሆነ አልቀረም፤ አሁን ግን ምን እንደሚያጉረመርም አውቀናል።

በመከር ለገመዱ ምርቃት ሊደረግ ነው ተባለ። ሹማምንት ነገር ካረጀ በኋላ መመረቅ ይወዳሉ። ከበዓሉ በፊት ሄግላን የቶርጉንን በር አንኳኳ።

«እማማ ቶርጉን፣ ምርቃቱ ላይ ባይመጡ ይሻላል።»

«ለምን፣ ልጄ?»

«ብርድ ነው። ንግግርም ይበዛል።»

ቦርግሂል ከጓዳ ብቅ አለች። «ፊታችንን ማየት አፍረህ ነው! እንመጣለን፤ ያውም ፊት ለፊት! ገዳያችንን ስታሞግሱ እናያችኋለን!»

ሰውየው ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ እየዞረ ሄደ። አሳዘነኝ ልበል? ያን ጊዜ አላሳዘነኝም።

በምርቃቱ ቀን ነጩ ቤት ፊት ለፊት ባንዲራ ተሰቀለ፣ ሙዚቀኛ መጣ፣ ዴንማርኮችም ባርኔጣ ደፍተው ተሰለፉ። ሁለቱ ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ማጉረምረሙ በዚያን ቀን ከመቼውም ይልቅ ጎልቶ ይሰማል። ሄግላን ጥጉ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ሚኒስትሩ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ፈገግ አለ፤ «ገመዳችን ባሕር ውስጥ ከተጋደመ ጀምሮ ባዶውን ሲጠብቀን ኖሯል፤ እነሆ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን ኮረንቲ እንልክበታለን!»