አንቀመጥም

«ቁጭ በሉ እንጂ» ይላል አባዬ እንደገና።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ንቅንቅ አይሉም። «ጄኔራል፣ ልጅዎን ለልጃችን ለሲራክ ይስጡን ብለን መጥተናል። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» ይላሉ ጋሽ ተሾመ፣ የሲራክ አጎት።

የምለመነው እኔ ዲቦራ ነኝ፤ ኩሽናው በር ላይ ተለጥፌ እሰማለሁ። ስቶክሆልም አድጌ በሽማግሌ ልጠየቅ ነው ብዬ ሰሞኑን ስስቅ ነበር። አሁን ሳቁ ጠፍቷል። አባዬ እምቢ ካለ ሲራክን አልተውም፤ አባዬንም ረግጬ አልወጣም።

አባዬ ከመስኮቱ እስከ በሩ ይንጎራደዳል። ይሄ ሰውዬ አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። ጫካ ገብቶ ተዋጋ፣ ጄኔራል ሆነ፣ ሱፍ ለብሶ ፓርላማ ገባ፣ ከጓዶቹ ተጣላና እኔን ይዞ እዚህ ስቶክሆልም ዳር፣ ስፖንጋ መጣ። ዛሬም ደጃፋችን አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ማን መጣብኝ ብሎ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያያል።

«በጦርነቱ ጊዜ የእናንተ ቤት ከማን ወገን ነበር?» ይላል።

«ከመንግሥት ወገን። እኔም ወታደር ነበርኩ» ይላሉ ጋሽ ተሾመ።

አለቀልኝ። «ከወጉኝ ሰዎች ጋር አልዛመድም» ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

የጋሽ ተሾመ ግራ እግር ይንቀጠቀጣል። ከከተማው ሌላኛ ጫፍ፣ ከፊቲያ ድረስ ባቡርና አውቶቡስ እየቀያየሩ ነው የመጡት። ግድግዳውን ይደገፋሉ እንጂ አይቀመጡም፤ ግትር ናቸው።

አባዬ እግራቸውን ያያል። «ምን ሆነህ ነው?»

«ድልድዩ ላይ ነው የተመታሁት። እርስዎ ከማዶ ነበሩ።»

አባዬ የትኛው ድልድይ ብሎ አይጠይቅም። የዚያን ድልድይ ድል እየተረከ ነው ፓርላማ የተመረጠው። ከወዲያኛው ጫፍ ስለወደቁት ግን ለእኔም አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም።

መስኮቱ ስር ያለውን የራሱን ወንበር፣ እኔን እንኳ የማያስቀምጥበትን፣ እየጎተተ ያመጣል። ከጋሽ ተሾመ ኋላ ያስጠጋዋል።

«ጄኔራል፣ ከተቀመጥኩ እኮ ልጅዎን ሰጡን ማለት ነው።»

«ወጉን አውቀዋለሁ። ይቀመጡ፣ አቶ ተሾመ።»

ጋሽ ተሾመ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹም ሶፋው ላይ። እልል ማለት ነበረብኝ፤ ረስቼው ከኩሽናው በር ብቅ እላለሁ።

ደጅ አውቶቡስ ይቆማል፣ ይሄዳል። አባዬ ዞር ብሎ አያየውም። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከጋሽ ተሾመ ኋላ ቆሟል።