ባለ አንድ ዓይኑ ፊታውራሪ

ሰውዬው ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ምስል በጋቢ ጠቅልሎ ሥዕል አዋቂ ዘንድ ወሰደው። እህቱ «የቤቱን ድርሻዬን ውሰድና ምስሉን ስጠኝ» ብላ እግሩ ላይ ብትወድቅም አሻፈረኝ ብሏት ነበር።

«ቅድመ አያቴ ፊታውራሪ ናቸው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አፍንጫቸውን ተመልከት፤ ቁርጥ እሳቸውን ነኝ! ከረጢቱን የያዙት ለድሃ ሊመጸውቱ ነው። ስንት ያወጣሉ?»

አዋቂው ሸራውን አገላብጦ አየው። ዳር ዳሩ በቢላዋ ተቆርጧል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተገሽልጦ የተሰረቀ ነው። የድሮ ሠዓሊዎች ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛውን ፊቱን አዙረው በአንድ ዓይን ነበር የሚሥሉት። የእርስዎ ፊታውራሪ ያላቸው አንድ ዓይን ነው። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ከረጢት ጨብጦ በአንድ ዓይኑ የሚያየው ደግሞ ይሁዳ ነው። ይዞት የተገኘ ይታሰራል።»

ሰውዬው ምስሉን መልሶ ጠቀለለና በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ከነፈ።

«እህት ዓለም፣ ለቅሶሽ አንጀቴን በላው» አላት። «እንዳልሽው ቤቱን ለእኔ ተይልኝና ፊታውራሪ ካንቺ ዘንድ ይሁኑ።»

ከዚያም ጉንጯን ሳማት።