የእትዬ ወለላ ፎቶ

ፎቶ አንሺዋ ቤት ለቤት ስትዞር ውላ ወገቧ ተቆርጧል። የእትዬ ወለላን ቤተሰብ ከጨለማው የሳሎን ጥግ አስነስታ መስኮቱ ዳር ሰበሰበች፤ መጋረጃውን ገልጣ፣ አምፖሉን አጥፍታ፣ የሚሳሳቁትን ልጆች በልመና አረጋግታ አነሳቻቸው።

በማግስቱ እትዬ ወለላ ብቻቸውን ስቱዲዮዋ መጡ።

«ልጆቹን ቆርጠሽ እኔን ብቻ አስቀሪልኝ። ፊቴን ትንሽ አፍኪና ፎቶው በትልቁ ይታጠብ።»

«ምነው እትዬ? አብራችሁ እኮ አምሮባችኋል።»

«ሐኪሙ ያለኝን ገና አልነገርኳቸውም» አሉ ድካም በተጫነው ድምፅ። «የለቅሶዬ ዕለት ፎቶ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ ብዬ ነው።»

ፎቶ አንሺዋ ኮምፒውተሯ ላይ ልጆቹን አንድ በአንድ ከምስሉ አወጣች። የትንሿ ልጅ እጅ ብቻ እናቷ ትከሻ ላይ ቀረ። እሱንም ልታጠፋ ስትል እትዬ ወለላ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«እሱን አትንኪው» አሉ።